«ፈረስህን ትወደዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ መልሱ ግን የትም አላደረሰኝም

የኪቶዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ ባለጋሪዎች ከፈረሶቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው። ስለ ጋሪ ገቢ የተጻፈ አለ፣ ስለ ፈረስ በሽታም አለ። እኔ የፈለግኩት በሰውዬውና በፈረሱ መሃል ያለውን ነገር ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መጠይቅ ይዤ መርካቶ አካባቢና በአጋሮ መውጫ ዞርኩ። አሥራ አራት ባለጋሪ አናገርኩ፣ ገሚሱን በኦሮምኛ ገሚሱን በአማርኛ። ዋናው ጥያቄዬ «ፈረስህን ትወደዋለህ?» የሚል ነው፣ አምስት ምርጫ አለው፣ «በጣም» ከሚለው እስከ «በፍጹም»። አሥራ አራቱም «በጣም» አሉኝ። «እንጀራዬ እኮ ነው፣ እንዴት አልወደውም?» አሉኝ። ተመሳሳይ መልስ፣ ተመሳሳይ ቃል።

ከዚያ ዞር ስል የአንዱ ፈረስ ደረት ላይ ጠፍሩ የላጠው ቁስል አለ፣ ዝንብ ወሮታል። ሰውዬውን በልቤ ውሸታም አልኩት። በሦስተኛው ቀን ግን ዝናብ ጣለ፣ ይሄው ሰውዬ ራሱ የለበሰውን ላስቲክ አውልቆ ፈረሱ ጀርባ ላይ ጣለና እሱ እየበሰበሰ ቆመ። ይህንን የት እንደምጽፈው አላውቅም። መጠይቄ ላይ ቦታ የለውም።

ሌሎች ይህን ዓይነት ነገር እንዴት ነው የሚያጠኑት? ሰው ስለ እንስሳው የሚናገረውና የሚያደርገው ሲለያይ የቱን ልመን? «የሰው ችግር አልቆ ነው ለፈረስ?» የሚሉኝም አሉ፣ እነሱን ትቻቸዋለሁ። ሥራውን ግን በትክክል መሥራት እፈልጋለሁ።

የከብት ሐኪሙ

እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽ፣ ዘርፉ አለ። የሰውና የእንስሳትን ግንኙነት ብቻ የሚያስተናግድ አንትሮዞዎስ የሚባል መጽሔት ከ1987 ጀምሮ ይታተማል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የአጥኚዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1991 ተመሥርቷል።

ብዙ የሚጠቀሰው ጥናት የ1980ው ነው። ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። የቤት እንስሳ ከነበራቸው 53ቱ ውስጥ 3 ሞቱ፣ ካልነበራቸው 39ኙ ውስጥ ደግሞ 11። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች አንዱ ሲደግፈው ሌላው ሲቃወመው ቆይቷል። ለማንኛውም ብዙዎቹ መለኪያዎች እንዲህ ላለው የቤት እንስሳ ነው የተሠሩት፣ ሳሎን ገብቶ ሶፋ ላይ ለሚተኛ ውሻና ድመት። ያንን መጠይቅ ተርጉመሽ ለጋሪ ፈረስ ካመጣሽው የሚሰጥሽ ያገኘሽውን ነው፣ አሥራ አራት «በጣም»።

እኔ ብሆን ግማሹን ጊዜ ፈረሱን ራሱን አነብ ነበር። በሥራ እንስሳት ደኅንነት ምዘና የምንጠቀምበት ቀላል መንገድ አለ። ቀስ ብለሽ ከፊቱ ትቀርቢዋለሽ። ጆሮውን ወደ አንቺ ያዞራል? ፊቱን ያዞራል? ወደ ኋላ ይሸሻል? ወይስ ምንም ሳይል አንገቱን ደፍቶ ይቀራል? የመጨረሻው ብዙ ሰው «ጨዋ ፈረስ» የሚለው ነው፣ እኔን ግን እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ከዚያ ባለቤቱ ራሱ እንዲቀርበው አድርጊ። ልዩነቱን ጻፊ። እጁ ወደ ላይ ሲነሳ አንገቱን የሚሰብር ፈረስ ስለዚያ እጅ የሚያውቀው ነገር አለ።

ሕመምም ፊት ላይ ይነበባል። በ2014 የወጣ የፈረስ ፊት መለኪያ ስድስት ምልክት ያያል፦ ጆሮ ወደ ኋላ መታጠፉን፣ ዓይን መጥበቡን፣ ከዓይን በላይ ያለው ቦታ መወጠሩን፣ የማኘኪያ ጡንቻ መጠንከሩን፣ አፍ መጨበጡን፣ አፍንጫ መወጠሩን። ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺና ማታ ተረጋግተሽ ነጥብ ስጪ።

ስለ ቁስሉ ግን አትቸኩይ። የደረት ቁስል አስቀድሞ የሚነግርሽ ስለ ጠፍሩ ነው። ጠባብና ጠርዙ የደረቀ ጠፍር ቆዳ ይልጣል፣ ሰፊና ሥሩ ጨርቅ የተሰፋበት ጫናውን ይበትናል። ላብ ሲጨመርበት፣ ጭነቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲንሸራተት ይብሳል። ከዚያ ቁስል ደግሞ ፈንገስ ይገባል። ሂስቶፕላዝማ የሚባለው ፈንገስ የሚያመጣው፣ እግርና አንገት ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት እያወጣ የሚፈርጠው ሕመም ሞቅና እርጥብ ባለ አገር ይበረታል፣ የኛም አገር እንደዚያ ነው። በተለይ ጠፍር መዋዋስ ያዛምተዋል። ስለዚህ «ትወደዋለህ?» ከማለት «ባለፈው ሲታመም ምን አደረግክ?» በይ።

የባለጋሪ ልጅ

አባቴ ሃያ ዓመት ገደማ ጋሪ ነድቷል። እኔን ያስተማረኝ ፈረስ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሰዓቱን ነው የተሳሳትሽው። ጠዋት ተራ እየጠበቀ ያለ ባለጋሪ ጋ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ስትሄጂ ተማሪ ነኝ ብትዪም አያምንሽም። ከቀበሌ ናት፣ ከትራፊክ ናት፣ ጋሪ ሊያግዱ ነው የሚል ነገር ነው መጀመሪያ በልቡ የሚመጣው። ባጃጁ መንገዱን ከያዘው ወዲህ ይሄ ፍርሃት ሁሌም አለ። ስለዚህ ጥሩ የሚባለውን መልስ ይሰጥሽና ይሸኝሻል።

ሁለተኛ፣ አባቴ «እወደዋለሁ» ሲል አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የሚለው «አምኖኛል» ነበር። አዲስ ፈረስ ሲገዛ ለሳምንታት «ገና አላመነኝም» እያለ ወንዝ ይዞት ይወርድ ነበር፣ ጋሪ ሳያስርበት፣ ዝም ብሎ ውኃ እያጠጣ። አንድ ቀን ይመጣና «ዛሬ አምኖኛል» ይለናል። ከምን እንዳወቀው ስጠይቀው «ቆሜ ዞር ስል ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው» አለኝ።

አንድ ጊዜ አባቴ ወባ ይዞት ተኛና እኔ ወጣሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ፈረሱ ከቤት እንደወጣ በራሱ መንገድ ሄደ። የአንዲት እናት በር ላይ ቆመ፣ ንቅንቅ አልልም አለ። ለካ በየሐሙሱ ወደ ገበያ የምትሄድ ደንበኛው ናት። ከዚያ ቀጥሎ ሌላ በር። የአባቴን የሥራ ቀን ከነደንበኞቹ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ደግሞ አባቴ ይመታው ነበር። ይሄንንም ጻፊው። ዳገት ላይ ጭነት ከብዶ ሲቆምበት በአለንጋ ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ፣ እኔ ልጁ ዞር ብዬ ነው የማለቅሰው። ማታ ደግሞ ውኃ አሙቆ ጨው ጨምሮ እግሩን ሲያሸው፣ እራቱን ሳይበላ ፉርሽካውን አስቀድሞ ሲያቀርብለት አይቻለሁ። ሁለቱም አንድ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ነው። ወይ ጨካኝ ወይ አፍቃሪ ብለሽ አንዱ ሳጥን ውስጥ ከከተትሽው አባቴን አላገኘሽውም።

«እንጀራዬ ነው» ሲሉሽም ዕቃዬ ነው ማለታቸው እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ በ2017 ቢሾፍቱ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ አይሆንም ብሎ ሲጮህና ሲዘጋ አባቴ ሬዲዮ ላይ ሰምቶ ነበር። «አብሮህ የሠራ እንዴት ይታረዳል?» ነበር ያለው። እንጀራ ማለት አብሮ የሠራ ማለት ነው ለኛ።

አስተማሪው

ከላይ ያለው አስተያየት ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም አንቺን በቀጥታ ይመለከታል።

ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ፎን ኦስተን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነው። ፈረሱ ሒሳብ ይሠራል ተባለ፣ ሦስትና አራት ስንት ነው ሲሉት ሰባት ጊዜ መሬቱን በኮቴው ይመታል። በፈረንጆቹ በ1904 ባለሙያዎች ተሰብስበው አዩት፣ ማጭበርበር አላገኙም። በኋላ ኦስካር ፉንግስት የሚባል አጥኚ ደጋግሞ ፈተነው፣ ውጤቱንም በ1907 አወጣ። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ ፈረሱ ይሳሳታል። ጠያቂውን ማየት ካልቻለም ይሳሳታል። ሐንስ የሚያነበው ሰውን ነበር። ቁጥሩ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ጭንቅላቱን በጣም በትንሹ ያንቀሳቅሳል፣ ፈረሱ እዚያ ላይ ያቆማል።

ብዙ ሰው ይሄንን ታሪክ «ፈረሱ ሒሳብ አይችልም» ብሎ ይጨርሰዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሰውዬው ራሱ የማያውቀውን የራሱን እንቅስቃሴ ፈረሱ ያውቀው ነበር! እንግሊዝ አገር ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። በ2016 ፈረሶች የተቆጣ ሰው ፎቶ ሲያዩ የልብ ምታቸው ቶሎ እንደሚጨምር አሳዩ፣ በ2018 ደግሞ ጠዋት በፎቶ ተቆጥቶ ያዩትን ሰው ከሰዓት በኋላ በአካል ሲመጣ እንደሚያስታውሱት።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሐንስ ፊት የቆመችው ጠያቂ አንቺ ነሽ። አሥራ አራቱ ባለጋሪዎች ፊትሽን አነበቡ፣ ምን እንደምትፈልጊ አወቁ፣ ሰጡሽ። ፉንግስት ያደረገውን አድርጊ፣ አንቺ ራስሽ «ትክክለኛ» መልሱን የማታውቂውን ጥያቄ ጠይቂ። «ዛሬ የመጀመሪያ ዕረፍት የት ወሰደ? ለምን እዚያ?» ለዚህ ጥሩ የሚባል መልስ የለም፣ ስለዚህ እውነቱን ይነግሩሻል።

ከጌራ

እኔ ያደግኩት ጌራ ጫካ ዳር ነው፣ ቤተሰቤ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ የሚኖር ነው። ፈረስ ላይ ብዙ አላውቅም፣ ግን ማር የምትመራዋን ወፍ አውቃለሁ። ሰው እያየች ትጮሃለች፣ ትበራለች፣ ቆም ብላ ትጠብቃለች፣ እስከ ንቡ ድረስ ትወስዳለች። ሰው ማሩን ይወስዳል፣ ሰሙ ለሷ ይቀራል።

ለረጅም ጊዜ ይሄ ተረት ነው የሚሉ ነበሩ። ኬንያዊው አጥኚ ሁሴን ኢሳቅ ሬየር ከሚባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ሰሜን ኬንያ የቦረና ማር ፈላጊዎችን ተከተለ፣ ጥናቱ በፈረንጆቹ በ1989 ወጣ። እኔ የወደድኩት አነሳሱን ነው። «ወፏን ትወዷታላችሁ?» አላለም። «ወፏ ምን ትነግራችኋለች?» ነው ያለው። እነሱም አቅጣጫውን ትነግረናለች፣ ርቀቱን ትነግረናለች፣ መድረሳችንንም ትነግረናለች አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ለካው፣ እንዳሉትም ሆኖ ተገኘ። በማያውቁት ቦታ ያለ ወፏ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅ ከወፏ ጋር 3.2 ሰዓት ነው የፈጀው። በ2016 ደግሞ ሞዛምቢክ ውስጥ የያኦ ማር ቆራጮች ወፏን የሚጠሩበት የራሳቸው ድምፅ ተለክቷል። በዚያ ድምፅ ሲጠሩ ወፏ የመምራት ዕድሏ ከ33 በመቶ ወደ 66 ከፍ አለ።

ባለጋሪዎቹም ፈረሳቸው የሚነግራቸው ነገር አለ፣ ከላይ የባለጋሪው ልጅ እንዳለው። እሱን ጠይቂና ለኪው።

ግንኙነት ሲባል ግን ፍቅር ብቻ እንዳይመስልሽ። እኛ ጋ ዝንጀሮና የዱር አሳማ በቆሎ ሲበሉ ልጆች ትምህርት ቀርተው ማማ ላይ ይውላሉ። በኛ በደቡብ ምዕራብ የተሠራ በ2017 የታተመ ጥናትም እነዚህን ሁለቱን ነው ከሁሉ በላይ አጥፊ ብሎ ያስቀመጣቸው። ይሄም ከእንስሳ ጋር መኖር ነው። ትግራይ ውስጥም በ2012 የወጣ አለ፣ የጅብ ኩስ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፀጉር ለዩ፣ በዐቢይ ጾም ወቅት የአህያ ፀጉር በጣም ጨምሮ አገኙት። ሰው ሥጋ ሲተው የሉካንዳ ትራፊ ጠፋ፣ ጅቡ ወደ አህያ ዞረ። ማንንም «ምን ይሰማሃል?» ሳይሉ ነው ያወቁት።

የጂረኗ

ሁላችሁም ሰውዬውን ለመረዳት እየሮጣችሁ ነው፣ ፈረሱስ? ቁስል ቁስል ነው። ለፈረሱ ጠፍሩ በድህነት ጠበበ በቸልተኝነት ጠበበ ሕመሙ አንድ ነው።

እና ድህነት ሁሉንም አይመልስም። እኛ ሰፈር ሁለት ባለጋሪዎች አሉ፣ ጎረቤት ናቸው፣ አንድ መስመር ነው የሚሠሩት፣ ገቢያቸውም ያው ነው። የአንዱ ፈረስ ይብረቀረቃል፣ ያረጀ ብርድ ልብስ ቀዶ ጠፍሩ ሥር ሰፍቶለታል። የሌላው ጎድኑ ይቆጠራል። በአንድ ብር ሁለት ዓይነት ፈረስ። እህቴ፣ ጥናትሽ እዚህ ጋ ነው ያለው። እንደነዚህ ያሉ ጥንድ ጥንዶችን ፈልጊ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ በይ። ከአባቱ ነው የተማረው? ፈረሱ የራሱ ነው ወይስ የኪራይ? ይሄ የመጨረሻው በጣም የሚለይ ይመስለኛል፣ በኪራይ የሚነዳ ሰው ማታ ሲመልሰው ነገ ለሱ እንደሚሰጠው እንኳ እርግጠኛ አይደለም።

መንገድ ዳር ተጥሎ ቆሞ የሚሞት ፈረስ ያየ ሰው ያውቃል ለምን እንደምናገር። እሱንም ጥናትሽ ውስጥ አስገቢው እባክሽ። መሥራት ሲያቆም ምን ሆነ የሚለውን።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ከሁሉም አስቀድመሽ የፈረሱን ስም ጠይቂያቸው። የምትኖሪበት ከተማ በፈረስ ስም ነው የሚታወቀው እኮ! አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፣ የኋለኛው አባ ጅፋር የልጅነት ስማቸው ቱሉ ነበር። ሊሙ ብትሄጂ አባ ቦጊቦ። ወደ መሃል አገር ብትወጪ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ትልቅ ሰው «የእገሌ ልጅ» ከመባል ይልቅ በፈረሱ መጠራትን ክብር አድርጎ የያዘበት አገር ነው።

አሁን ባለጋሪው ምን ብሎ ነው የሚጠራው? በመልኩ ነው፣ ዳማ፣ ቦራ፣ ቡላ፣ ጉራቻ? ወይስ የራሱን ስም አውጥቶለታል? ወይስ ዝም ብሎ «ፈረሱ» ነው የሚለው? የኪራይና የራስ የሆነው እዚህ ላይም የሚለያይ ይመስለኛል፣ የጂረኗ ልጅ ያለችውን ይዘሽ እዪው።

የኪቶዋ

ይቅርታ፣ አሥር ቀን ጠፋሁ። ያላችሁትን ስሞክር ነበር። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

መጠይቁን ቤት ትቼው ሄድኩ። ጠዋቱን ተውኩት፣ ማታ ጋሪ ሲፈታ ነው የምሄደው አሁን። መጀመሪያ ቀን ዝም ብዬ ቆምኩ። ሁለተኛው ቀን አንዱ «ከመቆም ይቺን ያዥ» ብሎ ገመዱን ሰጠኝ። ፈረሱ ወዲያው ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ጆሮው ተጣጠፈ። ሰውዬው «አታፍጪበት፣ ጎኑን ስጪው፣ ከዚያ ተንፍሺ» አለኝ። ፊቴን መልሼ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ገመዱ ላላ። ይሄ በሁለት ሳምንት መጠይቅ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል።

ስም ጠየቅኩ። እስካሁን ካናገርኳቸው ዘጠኝ ሰዎች ውስጥ ፈረሱ የራሳቸው የሆነው አምስቱ የመልክ ስም ወይም ያወጡለት ስም አላቸው። በኪራይ ከሚነዱት አራቱ ስም የሚጠራው አንድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ምንም አልደመደምኩም፣ ግን ልቤን መትቶታል። «ዛሬ የት አረፈ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በር ከፋች ነው። አንዱ «ድልድዩ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ይለወጣል፣ ያኔ ወርጄ አብሬው በእግሬ እሄዳለሁ» አለኝ። ተሳፋሪ እያለም? ስለው «ተሳፋሪውንም አወርዳለሁ፣ የተቆጣ በባጃጅ ይሂድ» አለ።

ያ ላስቲኩን ያለበሰውን ሰውዬም አገኘሁት። ስለ ቁስሉ ምንም አልጠየቅኩትም፣ ራሱ ነው ያነሳው። ጠፍሩ ከሌላ ጋሪ የተገዛ ነው፣ ለትልቅ ፈረስ የተሠራ፣ እሱ በሚስማር በስቶ አሳጥሮታል፣ የበሳበት ጠርዝ ነው የሚልጠው። ያውቀዋል። «ማታ ማታ ሳየው እንቅልፍ አይወስደኝም» አለኝ። ውሸታም ብዬው ነበር እኮ በልቤ። የጂረኗ፣ ፈረሱ አሁንም እንደቆሰለ ነው፣ ያልሽውን አልረሳሁትም።

ሐኪም፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የፈረሶቹን ክብደት መያዝ እፈልጋለሁ፣ ከጥንዶቹ ጋር ለማወዳደር። ሚዛን የት ይገኛል?

የከብት ሐኪሙ

ሚዛን አያስፈልግሽም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኪ፣ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ የአካሉን ርዝመት ለኪ፣ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ልኬት በራሱ አባዢ፣ በርዝመቱ አባዢ፣ ለ11,900 አካፍዪ። በኪሎ ግምቱን ይሰጥሻል። ትክክለኛ አይደለም፣ ለማወዳደር ግን ይሆናል።

ለዚያ ሰውዬ ደግሞ ጠፍሩን ይዞ እንዲመጣ ንገሪው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገበያው ጋ ነኝ። የተበሳውን ቦታ ቆርጠን በሌላ ቆዳ መቀጠል ይቻላል፣ ወፍራም ጨርቅ ከተገኘ ሥሩ እንሰፋለታለን። ቁስሉንም አየዋለሁ።

የባለጋሪ ልጅ

የአባቴ የቆዳ መስፊያ ወስፌ ቤት አለ። እኔም እመጣለሁ።